«ክረምትም ነበረ»፦ የግሪኩ ኬይሞንና የእኛ ክረምት

ጥያቄ፦ በዮሐንስ ወንጌል 10፥22 ላይ በኢየሩሳሌም የመቅደስ መታደስ በዓል እንደ ነበረ ከተነገረ በኋላ «ክረምትም ነበረ» ይላል። ይህ በዓል ዛሬ አይሁድ ሐኑካ የሚሉት ነው፤ የሚውለውም በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ ነው። በአገራችን በዚያ ሰሞን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ገበሬውም አዝመራ ይሰበስባል። ተርጓሚዎቹ ተሳስተው ይሆን? እኛስ እዚህ ዋሽንግተን በረዶ የሚጥልበትን ጊዜ ክረምት ማለታችን ልክ ነው? (አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ አልተሳሳቱም። እኔ ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ቃል አላገኝም።

በግሪኩ እዚያ ቦታ ላይ የምናገኘው ቃል «ኬይሞን» ነው። ሥሩ በጣም ጥንታዊ ነው። «ኪዮን» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ይዛመዳል፤ ኪዮን ከሰማይ የሚወርደው ነጭ በረዶ ነው። የላቲኑ «ሂየምስ»፣ የሩሲያው «ዚማ»፣ የሳንስክሪቱ «ሂማ» ዘመዶቹ ናቸው። የሂማላያ ተራሮች ስም የወጣው ከዚሁ «ሂማ» ነው። ሥሩን ብቻ ያየ ሰው እንግዲህ ኬይሞን ብርድና በረዶ ነው ሊል ይችላል።

የግሪኮች አገር ግን ሌላ ነገር ይጨምርበታል። በግሪክም ሆነ በኢየሩሳሌም ከግንቦት እስከ መስከረም ምድሩ ይደርቃል። ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው። ባሕሩ የሚናወጠው፣ መርከበኛው ወደብ ይዞ የሚቀመጠው ያኔ ነው። ስለዚህ ኬይሞን ወቅቱንም፣ ዝናቡንም፣ ማዕበሉንም ይጠራል። በማቴዎስ 16፥3 ሰዎቹ የጠዋቱን ሰማይ አይተው «ዛሬ ይዘንባል» የሚሉት በግሪኩ «ዛሬ ኬይሞን ነው» ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ 27፥20 የጳውሎስን መርከብ ያንገላታው ማዕበልም ኬይሞን ነው። ወደ ዮሐንስ ስንመለስ፣ ጌታ በዚያ ቀን በሰሎሞን ደጅ መመላለሻ ይመላለስ እንደ ነበር ቀጥሎ ተጽፏል። ቦታው ጣራ ያለው ነው። ክረምት መሆኑ የተጠቀሰው ለዚህም ይመስለኛል።

አንድ በጣም የምወደው መመሳሰል አለ። ግሪኮች ከኬይሞን «ፓራኬይማዞ» የሚል ግስ አወጡ፤ ክፉውን ወቅት አንድ ቦታ ተቀምጦ ማሳለፍ ማለት ነው። የጳውሎስ መርከበኞች በቀርጤስ ሊያደርጉት ያሰቡት ይህንን ነው። እኛም ከአንድ ሥር ክረምትንም ከረመንም አገኘን። ዛሬ «የት ከረምክ?» ስንባባል ዝናብ ትዝ አይለንም እንጂ ግሱ ከወቅቱ ጋር የተሳሰረ ነው።

ልዩነቱ የወራቱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ግብፅን የጎበኘው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ በዓባይ ነገር ተገርሟል። ሌሎች ወንዞች በኬይሞን ሞልተው በበጋ ሲጎድሉ፣ ዓባይ የሚሞላው ግሪኮች «ቴሮስ» በሚሉት የሙቀት ወቅት ነበር። ምክንያቱን በሚገባ አልደረሰበትም። መልሱ ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ ግብፅ በሐሩር ስትቃጠል የኢትዮጵያ ደጋ በክረምት ዝናብ ይርሳል፣ ዓባይና ተከዜም ያንን ውኃና ደለል ይዘው ይወርዳሉ። በወር ከቆጠርን የእኛ ክረምት የግሪኮች ቴሮስ ነው። በጠባይ ካየነው ግን ክረምት ኬይሞን ነው። ተርጓሚዎቻችን ጠባዩን መርጠዋል፤ ደግ አደረጉ።

ቅር የሚለኝ «ኬይማሮስ» በሚለው ቃል ትርጉም ላይ ነው። ቃሉ ኬይማ፣ ማለትም ክረምት፣ እና ሬኦ፣ ማለትም ፈሰሰ፣ ከሚሉት የተሠራ ነው። ክረምት ሲሆን እየጋለበ የሚወርድ፣ በጋ ሲሆን ድንጋዩ ብቻ የሚቀር ውኃ ነው። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት በሚተርከው ኢሊያድ በተባለው ግጥሙ፣ በ4ኛው መጽሐፍ፣ ሁለት ሠራዊት ሲጋጠሙ እንዲህ ያሉ ሁለት ጎርፎች ከተራራ ወርደው ሲገናኙ የሚያሰሙትን ድምፅ ያነሣል፤ እረኛው ከሩቅ ይሰማዋል። በዮሐንስ 18፥1 ቄድሮን የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። አማርኛው «የቄድሮን ወንዝ» ሲል አንባቢ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውኃ ይታየዋል። እኔ «ፈፋ» ብል እመርጣለሁ። ፈፋ የመጽሐፍ ቅዱሳችን እንግዳ አይደለም፤ ኤልያስ የተሸሸገበት ኮራት ፈፋ ተብሏል፣ በግሪኩም ኬይማሮስ ነው። እሱም ዝናብ ሲጠፋ ደርቋል። ለሆሜሩ ግን ፈፋ ይለሰልሳል፤ እዚያ «ደራሽ» ነው የሚያስፈልገው።

ወደ ዋሽንግተን ልምጣ። የእናንተን ብርድ ክረምት ማለት ነውር የለውም፤ ሰው ለምዶታል፣ ይግባባበታልም። ችግሩ አገር ቤት ካለ ሰው ጋር ስታወሩ ነው። «ልጆቹን በክረምት እረፍት ይዤ እመጣለሁ» ብትሉ እናታችሁ ሐምሌን ይጠብቃሉ፤ እናንተ ደግሞ ትኬት የምትቆርጡት ለታኅሣሥ ነው። እንዲህ ሲሆን ወሩን ስሙት፦ «በታኅሣሡ እረፍት» በሉ።