ነጠላና ጂንስ፦ «እንግዳ ልብስ» የተባለው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ለውጭ ገበያ ልብስ በሚሰፋ ፋብሪካ እሠራለሁ። በሥራም በሰፈርም የምለብሰው ጂንስና ሁዲ ነው፤ እሑድ ለቅዳሴ ስሄድ ነጠላ ከላይ ጣል አደርጋለሁ። እናቴ የመንዝ ሰው ናት። «የፈረንጅ ልብስ ለብሰሽ ታቦት ፊት አትቁሚ፣ ነቢዩ ሶፎንያስ አስጠንቅቋል» ትለኛለች። ገበያ ላይ ያለው የሐበሻ ቀሚስም ቢሆን የውጭ ፋብሪካ ያተመው ነው። ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው? የእኔስ ሥራ ነውር አለበት?

መልስ፦ እኅታችን፣ እናትሽ የጠቀሱት ሶፎንያስ 1፥8 ነው፤ እግዚአብሔር አለቆችን፣ የንጉሥን ልጆችና እንግዳ ልብስ የለበሱትን ሁሉ እንደሚቀጣ ይናገራል። ግን ቁጥር 4ን እና 5ን አስቀድመሽ አንብቢ። በኣልን የሚከተሉ፣ በሰገነት ላይ ለሰማይ ሠራዊት የሚሰግዱ፣ በእግዚአብሔርም በሚልኮምም የሚምሉ ሰዎች ተዘርዝረዋል። ነቢዩ በኢዮስያስ ዘመን የወቀሰው የባዕድን አምልኮ ሲቀበሉ ልብሱንም አብረው የተቀበሉ ባለሥልጣናትን ነው። ከሰልባጅ ተራ በአቅሟ ሹራብ ገዝታ ብርዱን የምታሳልፍ ድሃ በዚህ ጥቅስ አትከሰስም። እንዲያውም ወደ ጉባኤ የገባን ሰው በልብሱ አይቶ የሚያስቀምጥና የሚያስነሣ በያዕቆብ መልእክት 2፥2-4 ራሱ ተወቅሷል። ስለዚህ በር ላይ ቆመው የሰው ልብስ እየመዘኑ የሚያስለቅሱ ወገኖች ይህን ምዕራፍ ቢያነቡ ደስ ይለኛል።

ጨርቁ ከባሕር ማዶ መምጣቱ ብቻውን ርኩሰት አይሆንም። አቡጀዲን አስቢ። ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በ19ኛው መቶ ዘመን በብዛት ከአሜሪካ ፋብሪካዎች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይገባ ነበር። በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ከሀገሩ ወደ እኛ ይገባ ከነበረው ሸቀጥ ዋነኛው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። አባቶቻችን አቡጀዲውን እጀ ጠባብና ቀሚስ አድርገው ለበሱት፤ ቤተ ክርስቲያንም ሥዕል ሣለችበት፣ ሙት ገነዘችበት። ያኔ የመጣው ጨርቅ ነው፤ መልኩን የሰጠነው እኛ ነን። ዛሬ የሚመጣው ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ በፊልምና በዘፋኝ ላይ ታይቶ፣ «ሰው የሚባለው እንዲህ የለበሰ ነው» የሚል ፍርድ ተሸክሞ ነው። የእኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው።

በዘኍልቍ 15፥38-39 እግዚአብሔር እስራኤልን በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉ አዘዘ፤ ምክንያቱም እርሱን እያዩ ትእዛዙን እንዲያስቡ ነው። እኛ በሕገ ኦሪቱ ዘርፍ አልታሰርንም። ነገር ግን ልብስ አማኙን ሊያሳስበው እንደሚችል ከዚያ እንማራለን፤ ነጠላችንም ይህን ሥራ ሲሠራ ኖሯል። ለቅዳሴ በትእምርተ መስቀል እናጣፋዋለን። ለሐዘን እናዘቀዝቀዋለን፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወደ አንገት ይመጣል፣ ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ለአገልግሎት ስንቆም እናደገድገዋለን። ሁዲ አንድ አለባበስ ብቻ ነው ያለው፤ ልቅሶም ሠርግም ቅዳሴም ለእርሱ አንድ ነው። ነጠላው ሲቀር ይህ ሁሉ የሰውነት ጸሎት አብሮ ይቀራል፤ ልጆቻችን ማዘቅዘቅ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁ እያደጉ ነው።

«ጣል አደርጋለሁ» ላልሽው እንግዲህ። ነጠላውን መጀመሪያ ራስሽ ላይ አድርጊና ሁለቱን ጫፎች በፊት ለፊት አውርጂ። የቀኙን ጫፍ በደረትሽ አሻግረሽ በግራ ትከሻሽ ወደ ኋላ፣ የግራውን በቀኝ ትከሻሽ ወደ ኋላ ጣይ። ደረትሽ ላይ መስቀል ይሠራል። ወንዶች ከራሳቸው ሳይሆን ከትከሻቸው ይጀምራሉ። በተደጋጋሚ የማየው ችግር የነጠላ ማጠር ነው። ጫፉ ከትከሻ ኋላ ቢያንስ አንድ ክንድ ካልተረፈ በመጀመሪያው ስግደት ይወርዳል፤ ሴቲቱም ቅዳሴውን በሙሉ ነጠላ ስታነሣ ታሳልፋለች። ስትገዢ እዚያው ሻጩ ፊት አጣፊውና ጎንበስ ብለሽ ሞክሪው። አንገት ላይ የሚጠመጠመው ጠባብ ስካርፍ ይህን አይችልም።

የታተመውን ከተሸመነው ለመለየት ገልብጪው። በሸማኔ እጅ የገባ ጥለት ክሩ በጀርባውም ይታያል፤ የታተመው ጀርባው የደበዘዘ ነው። ከዚያ ከጫፉ ሁለት ሦስት ክር ነቅለሽ በክብሪት ለኩሺ። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ነድዶ በጣት የሚፈርስ ግራጫ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሹ ይቀልጣል፣ ሲበርድም ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይተዋል። አንዳንድ ሸማኔዎች ለጥለቱ የሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ክር ስለሚያስገቡ ነጩንና ጥለቱን ለየብቻ ፈትኚ። ይህ የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጧፍ ይዘን በምንቆምበት ቦታ የሚቀልጥ ጨርቅ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ ጥጥም ይነድዳል እንጂ እንዲያ አይጣበቅም። ደግሞ በታተመው ቀሚስ ላይ መስቀሉ እስከ ታችኛው ጠርዝና እስከ መቀመጫ ድረስ ይበተናል። የምንሳለመውን መስቀል መቀመጫ ላይ ማድረግ አይገባም፤ ከወገብ በታች ሐረግ ያለበትን ምረጪ፣ መስቀሉ በደረት ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ጂንሱ። በ1873 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነጋዴው ሌዊ ስትራውስና ልብስ ሰፊው ጃኮብ ዴቪስ ኪሱ ቶሎ እንዳይቀደድ በመዳብ ችንካር አጠንክረው የባለቤትነት መብት ያወጡበት የጉልበት ሠራተኛ ሱሪ ነው። ለሥራ መልበስሽ አያስነውርም። ለስግደት ግን አልተሰፋም። ጠባቡን ለብሰሽ ስትሰግጂ ወገቡ ወደ ታች ይሳባል፣ ሁዲው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ጀርባሽ ይገለጣል፤ ከዚያ በኋላ ሐሳብሽ ልብስ መሳብ ላይ ይሆናል። በተጨማሪም ዘዳግም 22፥5 የወንድና የሴት ልብስ እንዲለይ ስለሚያዝ፣ ለቤተ ክርስቲያን ከቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፊ ቀሚስ ልበሺ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኪዳን ሰዓት ብርዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከቀሚሱ ሥር ሱሪና ሹራብ ብትደርቢ ማንም ሊቆጣሽ አይገባም፤ ከላይ ጋቢ መደረብም ይቻላል። ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ከሆነ ግን እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው አስነብቢ። ስድብና የዝሙት ቃል ደረቱ ላይ ተጽፎበት ሳያውቅ መቅደስ የሚቆም ወጣት ብዙ ነው።

ቅዳሜ ማታ አጥበሽ እሑድ የምትለብሺው አንድ ደህና ቀሚስና አንድ ረዥም ነጠላ ይበቁሻል። በለብታ ውኃ በእጅ እጠቢ፣ አትጭመቂ፣ በረኪና አታስነኪ፤ በረኪና የጥጡን ክር ያደክማል፣ ጥለቱንም ያጠፋል። ጥላ ላይ አስጪ።

የእናትሽ ቤት በርኖስ ካለ ከእጅሽ እንዳይወጣ። የመንዝ ሴቶች የበጉን ጠጉር ፈትለው፣ ወንዶች ሸምነው የሚያወጡት ይህ ልብስ የአካባቢያችን መታወቂያ ነበር፤ አሁን በከተማ የሚለብሰው ሽማግሌ ብቻ እየሆነ ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ ከገባ ይኮማተራል፤ እርጥቡን ገመድ ላይ ከሰቀልሽው ይለጠጣል፤ ሳይደርቅ ካጠፍሽው ይሻግታል፤ ሳይናፈስ ከከረመ ብል ይበላዋል። በቀዝቃዛ ውኃ አጥበሽ ዘርግተሽ አድርቂው፣ በጋ ላይ አናፍሺው።

ሥራሽን በተመለከተ፣ ለፈረንጅ ልብስ ሰፍቶ እንጀራ መብላት ነውር የለበትም። ጳውሎስ ራሱ ድንኳን እየሰፋ ይተዳደር ነበር (ሐዋ. 18፥3)። ሙያሽን ግን ለጎረቤትም አውይው። አሮጌ ጋቢ መሐሉ ላይ የተያያዘበት ስፌት ሲተረተር ብዙ ሰው ይጥለዋል፤ አንቺ በጥጥ ክር፣ በእጅ መርፌ፣ ሳታጠብቂ ብትሰፊው ዓመታት ይቆያል። የመኪና ስፌት የላላውን ሽመና ይሰበስበዋል። ሰንበት ትምህርት ቤታችሁ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከጾም በፊት ባሉት ቅዳሜዎች የምእመናንን ነጠላና ጋቢ እየተቀበላችሁ ጠግኑ፤ የሚመጡትን ልጆችም በዚያው ማጣፋትና ማዘቅዘቅ አስተምሯቸው።