ፈንዱ ለተቋረጠበት የእርዳታ ሠራተኛ የተሰጠ የሙያ ምክር

ባለፈው ሳምንት ስታዲየም አካባቢ ወደሚገኘው ቢሯችን ይዘውት የመጡትን ጥያቄ፣ ተመሳሳይ ችግር የገጠማቸው ሌሎችም ስላሉ፣ በጽሑፍ እንድመልስ ፈቅደውልኛል። አዳማ በሚገኝ የእርዳታ እህል መጋዘን ሲሠሩ ቆይተው፣ ፕሮጀክቱ በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ስለነበር ኮንትራትዎ በ2017 ዓ.ም. ተቋርጧል፤ አሁን ባጠራቀሙት ገንዘብ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ወይስ መስኩን ጨርሼ ልተው እያሉ ነው። እኔ ሁለቱንም አልደግፍም።

በቅድሚያ የደረሰብዎ ነገር ከችሎታዎ ጋር እንደማይገናኝ ይረዱልኝ። የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በጥር 2017 ዓ.ም. አግዶ ብዙዎቹን ፕሮግራሞች ሰርዟል፤ የአገሪቱ መንግሥት የውጭ እርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲም በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ ቀሪ ሥራውን ለአገሪቱ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስረክቧል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም መንግሥታትና ሌሎች ለጋሾች በፈቃዳቸው በሚሰጡት ገንዘብ ብቻ የሚንቀሳቀስ ድርጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ካገኘው ገንዘብ ግማሽ ገደማውን የሰጠችው አሜሪካ ነበረች። ብሪታንያም የእርዳታ በጀቷን ከብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እ.ኤ.አ. በ2027 ዝቅ እንደምታደርግ ስላስታወቀች፣ አንዱ ለጋሽ የተወውን ሌላው ይሸፍናል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከእርስዎ የበለጠ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሥራ በሚፈልጉበት በዚህ ወቅት ጥሪትዎን በሙሉ ለዲግሪ ማዋል ደግሞ ይቅርብዎ እላለሁ።

ያሳዩኝ ሲቪ «የመጋዘን ሠራተኛ» ከማለት ያለፈ ነገር የለውም። በቃል ሲያስረዱኝ ግን መኪና ሲገባ ዌይቢሉን (ከጭነቱ ጋር የሚመጣውን የማጓጓዣ ሰነድ) ከጆንያው ቁጥር ጋር ያመሳክሩ፣ የተቀደደውንና የረጠበውን ለይተው ይመዘግቡ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ ያደርጉ፣ በወር መጨረሻም ስታክ ካርዱን (የእያንዳንዱ ክምር ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ከቆጠራው ጋር ያስታርቁ እንደነበር ነግረውኛል። ይህ ሁሉ ሲቪው ላይ መግባት አለበት። በ2015 ዓ.ም. እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ ሌላ ቦታ እየዋለ ነው በሚል አሜሪካና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋርጠው እንደነበር ያስታውሳሉ፤ እንግዲህ እርስዎ የሚያውቁት የቁጥጥር ሥራ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያ ሁሉ ጣጣ ያሳያል። ይኸው ሙያ ለመድኃኒት አከፋፋዮች፣ ለዱቄት ፋብሪካዎችና ለአስመጪዎችም ያስፈልጋል፤ የእነርሱ ደመወዝ ደግሞ በለጋሽ መንግሥት ውሳኔ አይቆምም።

ወደ እርዳታ ድርጅት ተመልሰው ካመለከቱም፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ደመወዙን ከመጠየቅዎ በፊት ገንዘቡ ከየትኛው ለጋሽ እንደሚመጣና ስምምነቱ መቼ እንደሚያበቃ ይጠይቁ፤ እንዲህ መጠየቅ ድፍረት ተደርጎ አይቆጠርም። የቀድሞው ፕሮጀክት ቢሮ ጨርሶ ሳይዘጋ ደግሞ የሠሩትን ሥራ በዝርዝር የሚገልጽ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያጽፉ፤ ከደመወዝዎ የተቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮም በስምዎ ገቢ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሰው ኃይል ክፍሉ ከተበተነ በኋላ ይህን የሚያስፈጽምልዎ ሰው ማግኘት ይከብዳል።