ከስንብት ክፍያ እስከ ቀጣዩ ደመወዝ፦ ለሐዋሳ ወጣት ሠራተኞች

ጡረታ የወጣሁት በሐዋሳ በልብስ ስፌት ፋብሪካ አስተዳደር ክፍል ሠርቼ ነው። ከሥራ የተቀነሱ ልጆች ዛሬም ቤቴ ድረስ ይመጣሉ። «በተሰጠኝ ገንዘብ ምን ልሥራ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ምን ፈርመው እንደወጡ ነው።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ፣ ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት በየወሩ እንደሚከፍል ቢነግራችሁ እውነቱን ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ወርኃዊ ክፍያ የለም። ያላችሁ የሥራ ስንብት ክፍያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም ሠራተኛ ሲቀንስ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልበታል። የቀን ደመወዟ 100 ብር የሆነች፣ አራት ዓመት ያገለገለች ልጅ በቅነሳ ስትወጣ 12,000 ብር ይደርሳታል ማለት ነው። ይህችው ልጅ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ብትፈርም ግን አምስት ዓመት ስላልሞላት ከስንብት ክፍያው ምንም አታገኝም። «ለሥርዓቱ ያህል ነው፣ ፈርሚ» የሚል አለቃ አይጠፋም። አትፈርሙ! ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ የሚያነብላችሁ ሰው ፈልጉ። ክፍያው ከጎደለ ወይም ከተከለከለ ደግሞ የመጠየቂያው ጊዜ ስድስት ወር ብቻ መሆኑን አትርሱ።

12,000 ብር ሱቅ አይከፍትም፣ ባጃጅም አይገዛም። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ከሚፈቅደው ከአጎዋ ስትወጣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራቸውን ያጡ ልጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው ንግድ ሲሞክሩ አይቻለሁ፤ ብዙዎቹ ኪራይ መክፈል አቅቷቸው ወደ ገጠር ተመለሱ። ለሦስትና ለአራት በተከራያችሁት ቤት ግን ይህ ገንዘብ ድርሻችሁን ለተወሰኑ ወራት ይሸፍናል። የምትሠለጥኑት በእነዚያ ወራት ነው። ስለዚህ ባንክ አስገቡትና በስድስት ከፍላችሁ በየወሩ አንዱን ድርሻ ብቻ አውጡ። ገንዘብ መቀበላችሁን የሰማ ዘመድ ሁሉ መደወሉ አይቀርም። ለእናታችሁ መላክን አልከለክልም፤ ግን ከወሩ ድርሻ ላይ ይሁን።

የወሩ ድርሻ የማይሸፍነውን የትርፍ ሰዓት ሥራ ይሙላው። እዚህ ላይ ልጆች የሚመርጡት ብዙ የሚከፍለውን ነው፤ እኔ ግን ሰዓቱን እዩ እላለሁ። ሐዋሳ የእንግዳ ከተማ ናት። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ሆቴሎቹና በሐይቁ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ይሞላሉ፤ በገብርኤል ንግሥና በፍቼ ጨምበላላ ደግሞ ተጨማሪ እጅ ይፈልጋሉ። ቅዳሜና እሁድ በወጥ ቤት ወይም በአልጋ ክፍል ጽዳት መሥራት ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ጊዜ ለሥልጠና ይተውላችኋል። ጠዋት ገብታችሁ ማታ የምትወጡበት የሱቅ ሽያጭ ግን በወር ጥቂት መቶ ብር ቢበልጥም ሥልጠናውን ይበላዋል።

ሥልጠናውንስ? አዲስ ሙያ ከመፈለጋችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን አስመዝኑ። በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ለብቃት ምዘና መቅረብ ይችላል፤ አራት ዓመት ማሽን ላይ የተቀመጠች ልጅ ሙያዋን የሚመሰክር ወረቀት ሳትይዝ መውጣቷ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ቀጥሎ ከምታውቁት ሥራ አጠገብ ያለውን ተመልከቱ፦ ፓተርን (የልብስ ቅድ ማውጣት)፣ የጥራት ቁጥጥር፣ ከሁሉም በላይ የስፌት ማሽን ጥገና። በሠራሁባቸው ዓመታት መካኒክ ተርፎን አያውቅም። «የወንድ ሥራ ነው» እያሉ ሴቶችን ከዚህ ሙያ የሚመልሱ አሠልጣኞች አሉ፤ ማሽኑ ግን የሚፈታው በመፍቻ እንጂ በጢም አይደለም። ከመመዝገባችሁ በፊት ወደ ወርክሾፑ ግቡና ሠልጣኞቹ ማሽኑን ራሳቸው ይነኩት እንደሆነ ወይስ ዙሪያውን ቆመው ያዩት እንደሆነ ተመልከቱ። ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች የት እንደሚሠሩም ጠይቁ። የሦስት ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና ወረቀት ብቻውን ቀጣሪ ሲያሳምን አላየሁም።

ከደመወዛችሁ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባላችሁ የቆየው የጡረታ መዋጮ አልጠፋም። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ለቀጣዩ አሠሪ ስጡ፤ አገልግሎታችሁ ይቀጥላል።

አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥማል፦ በሦስተኛው ወር ፋብሪካው ትእዛዝ አግኝቶ «ተመለሱ» ይላል። ሥልጠናው ሊያልቅ ሳምንታት ከቀሩት አትሂዱ፤ ምዘናውን አልፋችሁ በሌላ መደብ ታመለክታላችሁ። ገና ከጀመራችሁ ግን ግቡ፣ ደመወዝ አይናቅም። ስትገቡ የትኛው ፈረቃ እንደተመደበላችሁ ጠይቁና ሥልጠናውን ከእሱ ጋር ወደማይጋጭ ሰዓት አዛውሩት። ባንክ የቀረውን ገንዘብ አትንኩት፤ ትእዛዙ ሲያልቅ እንደገና ልትቀነሱ ትችላላችሁ።