የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አራዊት የከበቡት ሙዚቀኛ

ጥያቄ፦ ጀጎል ውስጥ አንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ የታተመ የድሮ ሥዕል ተሰቅሏል። ሰውየው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቫዮሊን ይጫወታል፤ አንበሳው፣ አጋዘኑ፣ ግመሉ፣ ወፉ ሁሉ ከቦታል። ከሥሩ «ሳቨሪ» የሚል ስም አለ። ጓደኞቼ ገሚሱ ንጉሥ ዳዊት ነው ሲሉ፣ ገሚሱ ቅዱስ ያሬድ ነው ይላሉ። ማን ነው? (ከሐረር)

መልስ፦ ኦርፊየስ ነው፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ ሲጫወት አራዊት ብቻ ሳይሆኑ ዛፍና ድንጋይ ሳይቀሩ የሚከተሉት ሙዚቀኛ። ጓደኞችዎ መሳሳታቸው አያስገርምም። ዳዊት ቢሆን ዘውድና በገና፣ ያሬድ ቢሆን መቋሚያና ጸናጽል፣ እግሩ ላይም የንጉሥ ገብረ መስቀል ጦር በታየ ነበር። የአፈ ታሪኩ ኦርፊየስ የሚይዘው የክራራችን ዘመድ የሆነውን ላየር ነው፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓልያን ግን ብዙ ጊዜ በዘመናቸው የሚታወቀውን ቫዮሊን ያስይዙታል።

ሩላንት ሳቨሪ በ1576 (ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በዛሬዋ ቤልጅየም ኮርትሬክ ተወልዶ በ1639 በሆላንዷ ዩትሬክት ያረፈ ሠዓሊ ነው። በመካከሉ ፕራግ ላይ ለንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሩዶልፍ ሠርቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ብርቅ እንስሳት ያስጠብቅ ስለነበር ሳቨሪ እነሱን በዓይኑ የማየት ዕድል አግኝቷል። ኦርፊየስን ደጋግሞ የሣለው ያየውን ሁሉ በአንድ ሸራ ለመሰብሰብ ስለሚመቸው ይመስለናል። በ1628 የሣለው ለንደን በሚገኘው ናሽናል ጋለሪ አለ።

ጥያቄ፦ ኦርፊየስ በአራዊት መካከል የተቀመጠበትን ሥዕል በዘይት ቀለም እየቀዳሁ ነው። ኅትመቱ ቁመቱ 20፣ ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር፤ ሸራዬ 60 በ80 ነው። አንበሳው ጠበበብኝ፤ እንስሳቱ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ፤ ፀሐይ ላይ ያደረቅሁትም ቀለም ተሸበሸበ። ምን አጠፋሁ? (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ የአንበሳው ጥፋት የሸራው ነው። 20ን በ3 ሲያበዙት 60፣ 30ን በ3 ሲያበዙት ግን 90 ነው። የጎደለው 10 ሳንቲ ሜትር ከእንስሳቱ ጎን ተቀነሰ ማለት ነው። 60 በ90 ሸራ ይወጥሩ፤ ኅትመቱን ጎናቸው 2፣ ሸራውን ጎናቸው 6 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍሉ። በሁለቱም ላይ 150 ካሬ ይወጣል።

የመንሳፈፉ ነገር ከጥላ ይጀምራል። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይምጣ፤ ጥላው የእንስሳው እግር መሬት በሚነካበት ቦታ ጠባብና ጥቁር ሆኖ፣ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳ። መሬቱ ሜዳ ከሆነ የአድማሱን መስመር ይመልከቱ፦ የቅርቡን ግመል ጉልበቱ ላይ ካቋረጠው፣ ያንኑ የሚያህለውን የሩቁን ግመልም ጉልበቱ ላይ ማቋረጥ አለበት። ሳቨሪ ፊት ለፊቱን ቡናማ፣ መካከሉን አረንጓዴ፣ ሩቁን ሰማያዊ ያደርጋል፤ ለሩቁ አጋዘን የፊተኛውን አንበሳ ጥቁር ከሰጡት ዘሎ ፊት ይመጣብዎታል። ደግሞ እርስዎ ያሉት ድሬዳዋ ነው፤ ግመሉን ከኅትመት ብቻ አይቅዱ! በማለዳ ወጥተው የተንበረከከ ግመል ይንደፉ። ክብደቱን የሚሸከመው ደረቱ ሥር ያለው ደንዳና ቆዳ ነው፤ ከዚያ ኋላ ሆዱ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይላል። ያቺን የጥላ ክፍተት ከዘለሏት ግመሉ የተጣለ ጆንያ ይመስላል።

የተሸበሸበው ቀለም በአንድ ጊዜ ወፍሮ ስለተቀባና ፀሐይ ስለመታው ነው። ላዩ ቀድሞ ቆዳ ያወጣና ይለጠጣል፣ ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። ያንን ቦታ በስፓቱላ ፍቀው፣ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በነካ ጨርቅ ጠርገው እንደገና ይጀምሩ። የመጀመሪያው ንብርብር ቡናማ ቀለም በአኳራጅ ብቻ ቀጥኖ ይሁን። ሲደርቅ፣ ለሁለተኛው 2 እጅ አኳራጅና 1 እጅ የተልባ ዘይት፣ ለመጨረሻው እኩል በእኩል ይቀላቅሉ። ቅባት የበዛበት ከታች ከሆነ በኋላ ይሰነጠቃል። ሸራውን ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ያድርቁ። የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጠቅልለው ጥግ አይጣሉት፤ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት።