መልስ፦ የአባቴ ኤኤፍፒ (በደም ምርመራ የሚታይ የጉበት ካንሰር ምልክት) ከ1200 ወደ 310 ወረደ፣ ከጉበት ትራንስፕላንት ሊስት ያወጡታል?

አይ፣ 310 ስለሆነ ብቻ አያወጡትም። አሜሪካ ውስጥ ለጉበት ካንሰር ሊስቱ ላይ ቅድሚያ የሚሰጠውን ተጨማሪ ነጥብ ለማግኘት ኤኤፍፒው ከ1000 በላይ የነበረ ሰው በህክምና ከ500 በታች መውረድ አለበት፣ የአባትሽ ደግሞ ወርዷል። ተመልሶ 500 ከደረሰ ግን ፋይሉ ለሪቪው ቦርድ ይሄዳል ስለዚህ ምርመራው እንዳይዘለል።

ካንሰሩ ተመልሶ ይመጣል ወይ ላልሽው፣ ከኦፕሬሽኑ በፊት ያለው የመጨረሻ ቁጥር ነው ዋናው። ካንሰሩ የመመለስ እድሉን የሚገምት ሪትሪት የሚባል ስሌት አለ፣ ነጥቡ ሲበዛ እድሉም ይጨምራል፣ ኤኤፍፒ እስከ 20 ዜሮ፣ ከ21 እስከ 99 አንድ፣ ከ100 እስከ 999 ሁለት፣ ከዛ በላይ ሦስት ነጥብ ይይዛል፣ እዛ ላይ የወጣው ጉበት በማይክሮስኮፕ ታይቶ ካንሰሩ ትናንሽ የደም ስር ውስጥ ገብቷል ወይ የሚለው እና የእጢው መጠንና ብዛት ይደመርበታል፣ እና ሙሉ መልሱን ካሁኑ አውቃለሁ የሚልሽን አትመኚ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ውጤቱ ላይ ዲሲፒ የሚል (ሌላ የጉበት ካንሰር የደም ምልክት ነው) ካለና ከፍ ካለ መጀመሪያ አባትሽ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ ይወስድ እንደሆነ ለሀኪሙ ንገሪው፣ ካንሰሩ ባይጨምርም መድሃኒቱ ቁጥሩን ይሰቅለዋል። አጎቴን ሳስታምም በዚሁ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ተላቅሶ ነበር። መድሃኒቱን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።