ራቭ ፎሩ ጭቃ ላይ አንድ ጎማ ብቻ ሲያሽከረክር

ሰላም ወንድሜ። ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄህን ባጭሩ ላስቀምጠው። የ2003 ሞዴል ራቭ ፎር አለህ፤ ቤንዚን፣ ማንዋል። ፎር ዊል ነው ተብለህ ነው የገዛኸው። ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ስትመላለስ፣ ዝናብ ከጣለ ዳገቱ ላይ አንዱ የፊት ጎማ ባዶውን ይዞራል፣ የኋላዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ለፋሲካ ሁለት አዲስ ጎማ ፊት ላይ አሳሰርክ፣ ጭራሽ ባሰበት። አሁን አንድ ጋራዥ "ካምቢዮው ይቀየር" ብሎሃል።

አትቀይር። ቢያንስ ይህን አንብበህ አንድ ጧት ሳትፈትሸው አትቀይር።

መጀመሪያ ከኋላ ጎንበስ በልና ሥሩን እይ። ቶዮታ ይህንን መኪና በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳም አድርጎ ሠርቶታል፣ ከውጭ ሲታይ ደግሞ ልዩነቱ አይታወቅም። በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሐል የዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው ማርሽ) ቋት ካላየህ መኪናህ ከፋብሪካው ጀምሮ ፎር ዊል አይደለም፣ የሚጠገን ነገርም የለም፤ ጥያቄህ ከሻጩ ጋር ነው። ቋቱ ኖሮ ከፊት የሚመጣው ረጅሙ ካርዳን፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ፣ ከሌለ ደግሞ አንድ ሰው ፈትቶታል ማለት ነው። ለምን እንደሚፈቱት ወደ በኋላ እነግርሃለሁ።

ሁሉም በቦታው ካለ እንቀጥል። እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የተሠራው ራቭ ፎር ፎር ዊሉ ሁልጊዜ የሚሠራ ነው፣ የምታስገባው ማንሻ የለውም። ካምቢዮው ጎን መካከለኛ ዲፈረንሻል አለ፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ያካፍላል። ችግሩ ዲፈረንሻል የሚባል ነገር ጉልበቱን ወደቀለለው በኩል መልቀቁ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ከተንሸራተተ ሁሉም ወደ እሱ ይሄዳል። ይህንን እንዲከላከል ቪስኮስ የሚባል የታሸገ ዕቃ ተገጥሞለታል። ውስጡ ቀጫጭን የብረት ዝርግ ዲስኮችና ወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ ነው። የፊቱና የኋላው ፍጥነት ሲለያይ ፈሳሹ ይግላል፣ ይለጠጣል፣ ዲስኮቹን አንድ ላይ ይይዛቸዋል። የአንተ መኪና ምልክት ይህ ዕቃ መያዝ እንዳቃተው ነው የሚመስለው፤ ግን መምሰል ለብቻው ገንዘብ አያስወጣም።

አሁን ወደ ጎማዎቹ። አዲስ ጎማ ፊት፣ ያለቀ ጎማ ኋላ አድርገሃል፣ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሲባጎ ውሰድና የእያንዳንዱን ጎማ ዙሪያ ለካ። አዲሱ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር፣ አሮጌው 3 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ዙሪያቸው ላይ ወደ 31 ሚሊሜትር ልዩነት ይመጣል። ትንሽ መሰለህ? የዚህ መኪና ጎማ በአንድ ኪሎሜትር 450 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ስለዚህ በየኪሎሜትሩ 14 ሜትር ልዩነት ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር ስትሄድ አንዱ ከሌላው በ1.8 ኪሎሜትር ይበልጣል! አስፋልት ላይ ጎማው ስለማይንሸራተት ያንን ሁሉ የሚችለው ቪስኮሱ ነው፣ በሙቀት እየተቀቀለ። ሱባሩ በእሱ መኪኖች የዙሪያ ልዩነቱ ከ6 ሚሊሜትር አይብለጥ የሚለው ዝም ብሎ አይደለም። አራቱም አንድ ቁጥር፣ አንድ ዓይነት፣ ተመሳሳይ ያለቁ ይሁኑ። ጎሚስታው "ሁለት ይበቃሃል" ቢልህ አትስማው።

ቀጥሎ ፍተሻው፤ ገንዘብ አይፈልግም። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ፎሌ አድርገው፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፍ። አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳ፣ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ አድርግለት፣ አንተም ልጅህም ሥሩ እንዳትገቡ። ከዚያ የጎማ መፍቻውን አንዱ ብሎን ላይ አስገባና ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ቀስ ብለህ ተጫነው፤ ወደ መፍቻው ከሆነ ብሎኑን ታላላዋለህ።

ደህና ከሆነ ሲጫኑት እያቃሰተ እሺ ብሎ ይዞራል፣ ቸኩለህ ስትገፋው ደግሞ ይከብዳል። ይህንን "ቀስ ሲሉት የሚሄድ፣ ሲቸኩሉት የሚያምጽ" ጠባይ በደንብ ያዘው፣ ምክንያቱም የሚጎትት የፍሬን ሸራ ቀስም ብትል ፈጥነህም ብትገፋው ያው አንድ ዓይነት ነው የሚከብደው፣ ብዙ መካኒክ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

በአንድ እጅ ፈተለክ ካለ ግን አንድ ሰው በጎን ቆሞ በስልክ መብራት ካርዳኑን ይይልህ። ካርዳኑ ሳይነቃነቅ ጎማው በነፃ ከዞረ ቪስኮሱ አልቋል። ካርዳኑም አብሮ ከዞረ ብልሽቱ ከኋላ ነው፤ የኋላ ጎማዎቹ በእጅ ፍሬን ታስረው ካርዳን የሚዞረው ከእሱ ወዲያ የሆነ ነገር ተሰብሮ ወይም ተበልቶ እንደሆነ ነው፣ ቪስኮሱን መንካት የለብህም። ለዚህ ነው "ካምቢዮ ይቀየር" ሲሉህ አትቸኩል ያልኩህ።

ጭራሽ አልነቃነቅም ካለስ? ፎሌ መሆኑን ደግመህ አረጋግጥ። ከዚያም ካልሆነ ቪስኮሱ ተጣብቋል። ፍተሻውን ሁለት ጊዜ አድርገው። በእኛ ደብረ ብርሃን ውርጭ ጧት ላይ ዘይቱም ሲሊኮኑም ስለሚከብድ ደህናው እንኳ ሊያታልልህ ይችላል። ትንሽ ነድተህ ስትመለስ እንደገና ሞክረው።

የተጣበቀው ቪስኮስ የአንተ ዓይነት ችግር አያመጣም፣ ጭቃ ላይ እንዲያውም ጎበዝ ነው። ግን ደረቅ አስፋልት ላይ መሪውን ጥግ ድረስ ስታዞር መኪናው የእጅ ፍሬን እንደተሳበ ያህል ይጎተታል፣ ጎማ ይበላል፣ ነዳጅ ይጠጣል። (ስትዞር ቀጭ ቀጭ ካለ ሌላ ነው፣ የአክስሉ መገጣጠሚያ ነው።) ካርዳን የሚፈቱት ይህን ጉተታ ለማስቀረት ነው። ካርዳን የሌለው ራቭ ፎር ደህና የሚሄድልህ ቪስኮሱ የተጣበቀ ከሆነ ብቻ ነው፤ ደህና ከሆነ ጉልበቱ ወደ ባዶው በኩል ይፈስና ዕቃው ይቃጠላል። ፎር ዊሉ በማንሻ የሚገባ ቪታራ ወይም ሃይሉክስ ያላችሁ ይህ እናንተን አይመለከትም። ማንሻ ያለው ፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ አይገባም፣ አበቃ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ከተገኘስ? ያጋጥማል። የኛ ዋልካ ጥርሱን ሞልቶ ጎማውን ልሙጥ ካደረገው የትኛውም ፎር ዊል አያድንህም። ደግሞ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ናቸው፣ ማለትም ጉልበቱን ወደቀለለው ጎማ ይለቃሉ። ቦይ ላይ ተጣመህ አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ ከተንጠለጠሉ ሁለቱ ይዞራሉ፣ አንተ ትቆማለህ። ያኔ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን ሳታበዛ እግር ፍሬኑን በስሱ ንካ፣ ጉልበቱ መሬት ወደያዙት ያልፋል። ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፣ አለበለዚያ ፍሪሲዮንህን ታቃጥላለህ። የጎማውን ንፋስ ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ. ማውረድም ይረዳል፣ አስፋልት ሳትወጣ ግን መልሰህ ንፋው።

የኋላ ዲፈረንሻሉን ዘይት በዚሁ አጋጣሚ እይ። ከማፍሰስህ በፊት የመሙያውን ብሎን ፍታ፤ እሱ እምቢ ካለህ ባዶ አድርገኸው ቀረህ። ጂ.ኤል. 5 የሚል ዘይት ተጠቀም። በጣትህ ስታሸው የብረት ቅንጣት ካገኘህ መጀመሪያ እሱ ይታይ።

መንገድ ላይ ከቆምክ ደግሞ ሁለት ጎማውን አንስተው እንዳይጎትቱህ። ወይ አራቱም መሬት ላይ፣ ወይ አራቱም ጭነት ላይ።

ቪስኮሱ ነው ከተባለ ብዙ ሰው ያገለገለ ነው የሚገዛው፣ አልከለክልህም፣ አዲሱ ውድ ነው። ግን ሻጩ ከተገጠመ በኋላ ይህንኑ የክሪክ ፍተሻ አድርገህ ካልሆነ መልሶ እንዲቀበልህ ቀድመህ ተስማማ። የኋላ ጎማዎቹንም ሳትቀይር እንዳታስገጥመው፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ፋሲካ ላይ ይህንኑ ጥያቄ መልሰህ ትጽፍልኛለህ። የአራቱን ጎማ ልክና ጎማው በብርድና በሙቅ እንዴት እንደዞረ ላክልኝ።