«ሪሎኬት» እና «ሙቭ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ ከዴንቨር ነው የምጽፍልህ። ዳላስ ሥራ አግኝቼ የላኩልኝ ኦፈር ሌተር (የቅጥር ደብዳቤው) ላይ «ሪሎኬሽን ቦነስ» የሚል አለ። እኛ እዚህ ሁሌ «ሙቭ አረግን» ነው የምንለው፣ ሪሎኬት በምን ይለያል? ወይስ ያው ለማሳመር ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! ሁለቱም ቦታ መቀየር ናቸው፣ ግን ከአንዱ አፓርትመንት ወጥተሽ እዛው ሰፈር ሌላ ብትከራዪ ሙቭ አረገች እንጂ ሪሎኬት አረገች የሚልሽ ብዙም የለም፣ ሪሎኬት ከተማው ተቀይሮ ኑሮውም ሥራውም አብሮ ሲነሳ ነው የሚመጣው፣ ደሞ የቢሮ ቃል ነው፣ ለጓደኛሽ በስልክ «ሪሎኬት ላደርግ ነው» ብትያት ከኤችአር፣ ከሠራተኛ አስተዳደር ክፍል፣ የተደወለላት ነው የሚመስላት።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፣ ቃሉ መነሳትም ማስነሳትም ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ «የልማት ተነሺ» የምንላቸውን ሰዎች የእንግሊዝኛው ሪፖርት «ሪሎኬትድ» ይላቸዋል፣ ወደው ይሂዱ ተገደው ከቃሉ አይታወቅም። አሜሪካም በፈረንጆቹ 1942 ከ110 ሺህ በላይ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች፣ አብዛኞቹ የራሷ ዜጎች ነበሩ፣ ከቤታቸው አስወጥታ በሽቦ የታጠረ ካምፕ ስታስገባ ካምፖቹን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ስሙ «ዋር ሪሎኬሽን ኦቶሪቲ»፣ የጦርነት ጊዜ ማዛወሪያ ባለሥልጣን እንደማለት፣ ነበር። ለስላሳ ቃል ነው፣ መንግሥትም ካምፓኒም የሚወደው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ባየሽው ቁጥር ማን ነው የሚነሳው፣ ማን ነው ያስነሳው ብለሽ ጠይቂ።

ወደ ወረቀትሽ ስንመጣ፣ ማስታወቂያ ላይ «ዊሊንግ ቱ ሪሎኬት» ብቻ ቢል ኖሮ መጥተሽ ትኖሪያለሽ ወይ ማለት ነው፣ ስለ ብር ምንም አላለም። ያንቺ ቦነስ ስላለው ጥሩ ነው፣ ግን በእጅሽ ነው የሚሰጡሽ ወይስ ደረሰኝ አምጪ ነው የሚሉሽ? ብዙ ካምፓኒ ደሞ ዓመት ሳይሞላሽ ከለቀቅሽ መልሺ የሚል አንቀጽ ከታች በትንንሽ ፊደል ያስገባል፣ እሱን ፈልጊው። ታክሱንም አትርሺ፣ ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ አሠሪ ለዕቃ ማጓጓዣ የሚከፍለው ብር፣ ከወታደሮችና ከጥቂቶች በቀር፣ በፌዴራል ታክስ እንደ ደሞዝ ነው የሚቆጠረው፣ ስለዚህ የተጻፈልሽ ቁጥር ሙሉውን እጅሽ አይገባም። አንዳንዶቹ ታክሱንም ጨምረው ይከፍላሉ፣ «ግሮስ አፕ» ይሉታል፣ ይሄን ሳትፈርሚ በኢሜይል ጠይቂያቸው።